የእናቴ ነጭ አፈር

እናቴ ምግብ እምቢ ያለችው ወይን በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ሆዷን አሟት ወይም መዋጥ አቅቷት ቢሆን ምንም አልልም ነበር። የለም፣ አኩርፋ ነው። ኡሙሃን ትባላለች፤ ዕድሜዋን ራሷም በትክክል አታውቀውም፤ በማኩረፍ ግን ሙሽራ አትደርስባትም። እርጎ አቀረብኩላት፣ ቀመሰችና እምቢ። የምስር ሾርባ ሠራሁላት፣ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳቦ በወተት አርሼ ለመንኳት፣ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ከነቭሸሂር ከተማ የመጣው ሐኪም ልቧንም ሳንባዋንም አዳምጦ ሲያበቃ ወደ በሩ ጠርቶኝ፣ በሽታ እንዳላገኘባት፣ በዚሁ ከቀጠለች ግን ብርዱ ሳይገባ እንደምናጣት ነገረኝ። የምትወደውን ጣፋጭ ነገር ፈልጉላት አለና ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

የምትወደውንማ መች ደበቀችን።

«የኛን አፈር አምጡልኝ» ነው ያለችው። «በሱ የተሠራ ፔክሜዝ ከሆነ እበላለሁ። ያለዚያ አትነዝንዙኝ።»

ወይን ጨምቆ ማፍላት ማንም ይችላል። ፔክሜዝን ፔክሜዝ የሚያደርገው አፈሩ ነው። ጭማቂው ላይ ነጭ አፈር ይነሰነስበታል፤ አፈሩ የወይኑን ኮምጣጣ ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠለለው ይቀዳና እንደ ማር እስኪወፍር ይፈላል። ድሮ በኛ ከተማ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አፈር ነበረው። ሴቶቹም አንዷ የሌላዋን ፔክሜዝ ቀምሳ ከማን ቤት እንደመጣ ትናገር ነበር፤ እናገራለሁ ትል ነበር ብል ይሻላል።

የኛ አፈር ያለው እዚሁ ከቤታችን ሥር ነው። ከኛ ቤት ሥር ብቻም አይደለም፣ ከከተማው ሁሉ ሥር ሌላ ከተማ አለ፤ የጥንት ሰዎች ለስላሳውን ድንጋይ ፈልፍለው፣ ክፍሉን በክፍል ላይ ደርበው፣ አንዱን ዋሻ ከሌላው አገናኝተው ትተውልን የሄዱት። እኛ ድንች እናስቀምጥበት ነበር። የኛ ቤት መግቢያ ከበጎቹ በረት ኋላ፣ ከገለባው ሥር ነበር። አንድ ጊዜ ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቅርስ ነው አሉና ቀዳዳችንን በሲሚንቶ ደፈኑት። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሕዝብ በዋናው በር ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ እኛ ደግሞ አፈር በከረጢት ከገበያ እንገዛለን። አፈር ላይ ተቀምጦ አፈር መግዛት ምን ዓይነት እርግማን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

በከረጢቱ አፈር የተሠራውን እናቴ አንድም ዓመት ወዳው አታውቅም። እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ፔክሜዙን የምታፈላው ፔሪሃን ናት፣ የወንድሜ የኑረቲን ሚስት። ወንድሜ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሚስቱን እኛ ዘንድ ትቶ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ፔሪሃን በየዓመቱ የመጀመሪያውን ማንኪያ ለእናቴ ይዛ ትቀርባለች፤ እናቴ ትቀምስና ማንኪያውን ትገፋዋለች። መጀመሪያ የገበያው አፈር ነው አለች። ቆይታ ደግሞ የፔሪሃን እጅ ነው አለች። «እጇ አይጥምም» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ፔሪሃን እዚያው ቆማ ትሰማለች፣ አትመልስም።

እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ አለመመለሷ። ሰው ሲሰደብ ይቆጣል። እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ስትራመድ ትጎተታለች፤ ስትጠየቅ ጥያቄውን መልሳ ትሰጥሻለች። ፔሪሃን፣ ወተቱ ፈላ ወይ ትያታለሽ፤ መፍላት ነበረበት እንዴ ትልሻለች። እንዲህ ካለች ሴት ጋር አንድ ማድቤት ውስጥ መኖር ጨጓራ ይልጣል።

ያን ዕለት ጠዋት ለአፈሩ መያዣ ላስቲክ በደረቴ ሸጉጬ፣ እናቴ አፈሩን ትፍቅበት የነበረውን የብረት ማንኪያ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ፔሪሃን ጫማዋን እየጎተተች ተከተለችኝ። ወዴት ነው ስላት ብቻሽን ልትሄጂ ነው እንዴ አለችኝ። የሜዳ አገር ሰው ናት፣ ከአዳና ነው የመጣችው፤ ጠባብ ቦታ ያስፈራታል፤ እዚህ ተድራ ከመጣች አንድ ቀን ታች ወርዳ አታውቅም። በዚያ ላይ በዚያ ሙቀት የሱፍ ካልሲ አድርጋለች። ምነው ስላት፣ ታች ይበርዳል አይሉም እንዴ አለች። ተይኝ ብያት ቀደምኳት።

በሩ ላይ ሰልፍ። በገዛ ቤቴ ሥር ለመግባት ሰልፍ። ከፊታችን ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ውሃ እየጠጡ ይሳሳቃሉ፤ እኔ እናቴ ትራስ ላይ ጉንጯ ጎድጉዶ ይታየኛል። ትኬት የሚቆርጠውና ቦርሳ የሚፈትሸው ያልቺን ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ እናቴ ዳቦ በፔክሜዝ እየቀባች ያሳደገችው። ነገሩን በጨዋ ደንብ አስረዳሁት። እናቴ ልትሞትብኝ ነው፣ የምፈልገው አንድ ጭብጥ አፈር ነው፣ ያውም የኛኑ አፈር። ጆሮው ቀላ፣ አቀረቀረ፤ ግን አልተበገረም።

«እትዬ ሲዲቃ፣ እዚያ ውስጥ አቧራው ሳይቀር ቅርስ ነው» አለኝ። «ዛሬ አንቺን ዝም ብል ነገ ከተማው ሁሉ አካፋ ይዞ ይመጣል።»

«አካፋ መች አልኩህ? በማንኪያ ነው።»

«እንግዲያው ማንኪያውን ስጪኝ።»

ምላሴን ምነው በቆረጠው። ማንኪያውን ከቦርሳዬ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ስትወጪ ትወስጂዋለሽ አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው። ግዴለም፣ ጥፍር አለኝ ብዬ ገባሁ።

ታች ስደርስ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። መብራት።

እኔ ያንን ቦታ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስንወርድ ፋኖስ አንይዝም ነበር፤ አንዱ እጅ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ አንዱ እጅ የአፈር መያዣውን ገበታ ይይዛል፣ ለፋኖስ የሚተርፍ እጅ ከየት ይመጣል። እናቴ፣ ዓይንሽን ተዪውና መዳፍሽን ስሚ ትለኝ ነበር። መውረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ መሰላል በጀርባ ነው የሚወረደው፤ ታች ከደረስንም በኋላ ገበታው ግድግዳ እንዳይነካ እንደዚያው በጀርባችን ነበር የምንሄደው። ቀኝ እጅ ግድግዳው ላይ። ከአየር ጉድጓዱ የሚወርደው ብርድ ማጅራትን ሲመታ መታጠፍ። አያቴ በኮምጣጤ የነከረችውን ጎመን ታስቀምጥበት የነበረው ክፍል ሲሸት ጎንበስ ማለት። ከዚያ ግድግዳው ከእጅ ሥር እንደ ዱቄት ሲለሰልስ ደርሰናል ማለት ነው። መንገዱን የማውቀው እንዲህ ነው።

አሁን በየማዕዘኑ አምፖል ተሰቅሏል። ቀይ ቀስት ወደ ውስጥ፣ ሰማያዊ ቀስት ወደ ውጭ። ክፍሉ ሁሉ ቢጫ፣ ክፍሉ ሁሉ አንድ ዓይነት። ይሄ ነው ስል ያኛው ይመስለኛል፤ ያኛው ጋ ስደርስ ከሱ ቀጥሎ ያለው ይመስለኛል። ግድግዳውን ልዳስስ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ አይነካም፣ ተጽፏል አለኝ። ሰዉ ይገፋል፣ እኔም እገፋለሁ፣ ቀስቱ ይመራል። በመጨረሻ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ አገኘሁ፤ እፎይ፣ የድሮው መውረጃችን ሥር ደረስኩ ብዬ ስወጣ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ። ሰማያዊው ቀስት አታልሎ አውጥቶኛል። ፊት ለፊቴ ያልቺን ቆሟል።

«ጨረስሽ እንዴ እትዬ?» አለኝ።

ዞሬ እንደገና ሰልፍ ያዝኩ። ፔሪሃን ላቧን በሻሽዋ ጫፍ እየጠረገች ከጎኔ ቆመች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ቤት ሂጂ አልኳት። አንቺስ አትሄጂም እንዴ አለችኝ።

ሁለተኛውን ጊዜ ስንገባ ደግሞ ከፊታችን ብዙ ሰው ነበር። ሰው ተጎንብሶ ብቻ የሚያልፍበት አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ እኔ ስለለመድኩት እጥፍ ብዬ ገባሁ፤ ፔሪሃን መሃሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው፣ ግን ያስያዛት እሱ አይደለም፤ ፍርሃት ነው የያዛት። እጇን ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ተክላ ወደፊትም የለም፣ ወደኋላም የለም። ከኋላዋ ሰው ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ያኔ የወጣኝን ክፉ ቃል እዚህ አልደግመውም። ማን ነይ አለሽ፣ ማን ለመነሽ፣ እናቴ በረሃብ ስትሞት አንቺ እዚህ እንደ ቡሽ ትወተፊያለሽ ብዬ እጇን ይዤ ጎተትኳት። እጇ በረዶ ሆኗል። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ዱዓ እያነበነበ መጣች።

ያኔ ነው እኔም ነገሩ የገባኝ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ስትመጣ ሳይ። ብርዱ ፊቴን እየመታኝ ነበር፤ ማጅራቴን ነበር መምታት የነበረበት። እኛ በጀርባችን የምንሄድበትን መንገድ እነዚህ ሰዎች በግልባጩ፣ በፊት ነው የሚያስኬዱን።

ስለዚህ ጀርባዬን ወደ ቀይ ቀስቱ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀኝ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ በጀርባዬ መሄድ ጀመርኩ። የሰው እግር ረገጥኩ፣ የሰው ቦርሳ ገፋሁ። አንዱ ሴትየዋ አሟታል አለ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኛለች። ይቅረጹ። ብርዱ ማጅራቴን ሲመታኝ ታጠፍኩ። የጎመኑ ሽታ ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ እኔ ግን ሸተተኝና ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ግድግዳው ከመዳፌ ሥር ላመ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጨለማው ሳይሆን በመብራቱ ደስ እያለኝ ዓይኔን ገለጥኩ።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ነጩ ግድግዳ ላይ እናቴ፣ የእናቴ እናት፣ ከሷም በፊት የነበሩት በማንኪያ ሲፍቁት የኖሩት ጉድጓድ አለ፤ እንደ ገንዳ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ ልስልስ ብሎ። ፊት ለፊቱ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ከጎኑ ጽሑፍ ተለጥፏል። ከአንካራ የመጡ ጎብኚዎች ከበውት፣ አንድ አስጎብኚ ወጣት እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። የጥንት ክርስቲያኖች ሕፃናትን የሚያጠምቁበት ገንዳ ነው ይላል። ጠርዙን እንዲህ ያለሰለሰው የስንት ዘመን ምእመናን እጅ ነው ይላል። ሰዎቹ እህ እህ ይላሉ፤ አንዲት ሴትዮ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ዝም ብዬ ተጠግቼ ጭብጥ አፈር ዘግኜ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ዝም ማለት የት አውቅና።

«ይሄ የእናቴ የአፈር ጉድጓድ ነው» አልኩ። «ለፔክሜዝ የምንፍቀው።»

አስጎብኚው ፈገግ አለና፣ «እማማ፣ ይህ ቦታ ከእናትዎ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ነው» አለኝ። እማማ አለኝ፣ እኔን። ክፍሉ ይሁን፣ ጉድጓዱ የኛ ነው፣ ስንዝር ያህሉን እኔ ራሴ በልጅነቴ ፍቄዋለሁ፣ የማንኪያው የጥርስ ምልክት ይኸውና አልኩ። የበለጠ በጮህኩ ቁጥር የበለጠ ፈገግ ይላል። እንባ የሞላት ሴትዮ ወደ ጓደኛዋ ዞራ፣ የአካባቢው ሰው የራሱ ተረት አለው፣ እንዴት ደስ ይላል አለች። ደሜ ፈላ። ሰንሰለቱን በእጄ ከፍ አድርጌ ልገባ ስል አስጎብኚው ክንዴን ያዘኝ፤ እኔም ልቀቀኝ ብዬ ገፋሁት፤ አንድ ሰው ያልቺንን ጠራ። ያልቺን እየሮጠ መጣ። በዚህ መሃል ፔሪሃን ዋይ እግሬ ብላ በሰንሰለቱ ላይ ተንከባልላ ወደ ውስጥ ወደቀች።

በቃ፣ የቀረችኝን እፍረት እሷ ጨመረችልኝ። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ፣ ቀሚሷን ዙሪያዋን ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ትዳብሳለች፣ ታቃስታለች። ያቺ ሴትዮ ውሃ አቀረበችላት። ያልቺን እኔን በአንድ እጁ ይዞ፣ እሷን ተነሽ እባክሽ እያለ ይለምናል። ቀና ስትል አፏን በእጇ ሸፍናለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላየሁም፣ ማየትም አልፈለግኩም። ሁለታችንንም ይዞ አወጣን። በሩ ላይ ቦርሳዬን በሰው ሁሉ ፊት ከፍቶ አየው፤ ባዶ ነው። ማንኪያውን መለሰልኝና እናትሽን አላህ ያሽራቸው አለኝ። በባዶ ቦርሳ ላይ ምርቃት።

ወደ ቤት ስንሄድ ፔሪሃን ታነክሳለች። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እሷ በአንድ እግሯ ካልሲ፣ በአንድ እግሯ ባዶ፣ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም። ያልተናገርኳት የለም። ደርሼበት ነበር አልኳት፤ ሰንሰለቱን ይዤው ነበር፤ አንቺ ባትወድቂ ኖሮ ጥፍሬ ውስጥ እንኳን ትንሽ ይዤ እወጣ ነበር። እናቴ ስለ እጅሽ እውነቷን ነው፤ የነካሽው ነገር ሁሉ ይበላሻል አልኳት። መንገዱን በሙሉ አልመለሰችም።

ማድቤት ስንገባ በሩን ዘጋች። ማነከሷ ቀርቷል። እጇን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ያንን የሱፍ ካልሲ አወጣች፤ አንገቱ ተቋጥሯል፤ ሆዱ ተነፍቷል። ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው ነጭ ብናኝ በሱፉ ቀዳዳ ወጣ።

«ይበቃ ይሆን?» አለችኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስቀሽ ነበር እንዴ እዚያ አልኳት፤ እሷ ደግሞ አንቺ ስትጮሂ ማን የማይስቅ አለ አለችኝ።

አፈሩን ነፋነው፣ ጨምቀን ባዘጋጀነው ጭማቂ ላይ ነሰነስነው። አረፋው ሲነሳ ያ የልጅነቴ ሽታ መጣ፤ እርጥብ ግድግዳ ግድግዳ የሚል። አድሮ ጠለለ። በማግስቱ ፔሪሃን ጉልቻው አጠገብ ቆማ አማሰለችው፤ እኔ ጭሱ እንዳይበዛ ማገዶውን አስተካክላለሁ፤ አንድም ክፉ ቃል አልወጣኝም፣ ይህም ለኔ ቀላል ሥራ አልነበረም። ወፍሮ ከማንኪያው እንደ ክር መውረድ ሲጀምር በሳህን አውጥተን አቀዘቀዝነውና ይዘን ገባን።

እናቴ ተኝታለች። ከጎኗ ተቀምጬ አፈሩን እንዳመጣን ነገርኳት። ማን አመጣው አለች። ፔሪሃን፣ በካልሲዋ አልኳት። ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯን ከገጠመችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታችው፤ ማንኪያውን ሰጠኋት። በአፏ ውስጥ ግራና ቀኝ አንከባለለችው፣ ዋጠችው፣ ቆየች። እኔ ትንፋሼን ይዤ አፏን አፏን አያለሁ።

«አይደለም» አለች።

ያኔ የያዝኩት ሁሉ ፈነዳ። የምን አይደለም ነው አልኳት። ከጉድጓድሽ የመጣ ነው፣ የማንኪያሽ ጥርስ ካለበት ግድግዳ። በአገር ሰው ፊት ተዋርጄበታለሁ፣ ይቺ ልጅ በፍርሃት ልትሞት ደርሳለች። ከዚህ በላይ ምን እንድናመጣልሽ ነው፣ ቤቱን ከነመሠረቱ እንንቀልልሽ ወይ። ፔሪሃን ትከሻዬን ያዘችኝ። እናቴ ግን አልተቆጣችም። እጇን ዘርግታ፣ «አፈሩን አሳዪኝ» አለች።

የተረፈውን ከነካልሲው አመጣሁላት። ጣቶቿን ከተተችና ቆንጥራ በአውራ ጣቷ አሸችው፤ እጇ ሲነካው መንቀጥቀጡን ትንሽ ያቆመ መሰለኝ። ፊቷ ለዘብ አለ። ከዚያ ቁንጥሯን ምላሷ ላይ አደረገች። ድሮ የኛ አገር ሴት ሲያምራት ያንን አፈር ትልሰው ነበር፤ እናቴም ኑረቲንን ስታረግዝ ከጉድጓዱ እንደማትጠፋ ራሷ ትነግረን ነበር። ምላሷ ላይ ይዛው ቆየች። እንደገና ቆንጥራ ቀመሰች። ጣቶቿን አየቻቸው።

«አፈሩ የኛ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያው የሄደው አፌ ነው።»

ቆይታ ወደኔ ዞረችና የዚያን ቀኑ የምስር ሾርባ ጨው ነበረው ወይ አለችኝ። ነበረው አልኳት፤ ሎሚም ነበረው፣ የተጠበሰ በርበሬም። እርጎውስ አለች። እርጎውም ደህና ነበር አልኳት።

«እኔ ውሃ መስሎኝ» አለች። «አርጅታለች፣ ምን ታውቃለች ብላችሁ ውሃ የምትሰጡኝ መስሎኝ።»

በዚያ ሁሉ ቀን የተቆጣሁት በማን ላይ ነበር? በያልቺን፣ በቀስቱ፣ በአስጎብኚው፣ በዚህች ልጅ። አሁን ዙሪያዬን ባይ የምቆጣበት ሰው አጣሁ።

እናቴ ፔሪሃንን ጠራቻት። ፔሪሃን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እጅሽን ሳማው ኖርኩ።»

«እጅ ጆሮ አለው እንዴ እማማ?» አለች ፔሪሃን።

እናቴ ሳቀች። ጥርስ የሌለው አፏን እንደ ፔሪሃን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ እጇን አነሳችና አፏን ከፈተች፤ ራሷ፣ ማንም ሳይለምናት።

«አጉርሺኝ» አለች። «እያጎረስሽኝ ደግሞ ንገሪኝ።»

«ምኑን ልንገርዎ?»

«ምን ምን እንደሚል።»

ፔሪሃን መጀመሪያ ራሷ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ጥያቄ የሌለበት ንግግር ከሷ አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጣፋጭ ነው እማማ አለቻት፤ መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ከዚያ የወይኑ ልጣጭ ይመጣል፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሲዋጥ ጉሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ ትውጣለች። ሌላ አለች። ይሄኛውስ አለች። ፔሪሃን ይሄኛው ዳቦ አለው፣ የዛሬ ዳቦ ነው፣ ቅርፊቱ ትንሽ ጠቁሯል አለቻት።

እኔም ማንኪያ አንስቼ ቀመስኩ። በምላሴ ላይ አቆየሁት። ከአምናው፣ ከገበያው አፈር ከተሠራው፣ የሚለይበትን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ይህንን አልተናገርኩም። ካልሲውን ከአልጋው ላይ አነሳሁና ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ስጨምቀው ነጭ ውሃ ወረደ። ለማጥራት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። በመስኮቱ በኩል እናቴ ሌላ ማንኪያ ስትል ይሰማኛል። ካልሲውን ገመዱ ላይ ከፔሪሃን ሌላኛው ካልሲ ጎን አሰጣሁት።